ብረቱን ሳንሰብር ስንጥቁን ማግኘት
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፣ አዳማ

እስካሁን በነበሩት ክፍለ ጊዜያት ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ክላስተር እርሻ ተነጋግራችኋል። የእኔ ድርሻ ብረት ነው። አጨዳ ሊደርስ ነው፤ ትራክተሩም ተጎታቹም መውቂያውም ከቆመበት ሊነሣ ነው። ከመነሣቱ በፊት ውስጡ የተደበቀ ስንጥቅ እንዳለና እንደሌለ በራሳችሁ እጅ እንዴት እንደምታዩ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት።

በንግግር ብቻ አይሆንምና ሥራውን እዚሁ እንጀምረው። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ተጎታችን ከትራክተር ጋር የሚያያይዝ ፒን ነው። ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ፒን ነው። ትናንት ከሰዓት ታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ደረቀ፣ ከዚያም በዘይትና በላምባ ድብልቅ ተነክሮ አደረ። አሁን በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። አያችሁ፣ ላዩ ደርቋል። ይኼ ደግሞ ተፈጭቶ በአልኮል የተበጠበጠ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ነው። በብሩሽ ስስ አድርጌ እቀባዋለሁ። አልኮሉ ወዲያው ይተናል፣ ነጩ ዱቄት ይቀራል። በመዶሻ ቀስ አድርጌ ሁለት ሦስት ጊዜ መታሁት። አሁን እዚህ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው። እሱ ሥራውን ይሠራል፣ እኛም እናወራለን።

ብረት ለምን ይሰነጠቃል? አንድ ነገር ከከበደው በላይ ሲጫን ይሰበራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈን ግን ይኼኛው አይደለም። አንድ ቀጭን ሽቦ ያዙና አንዴ እጠፉት፤ አይሰበርም። መልሳችሁ አቅኑት፣ ደግማችሁ እጠፉት፣ አሁንም አቅኑት። አሥረኛው ወይም ሃያኛው ላይ ያለ ምንም ጉልበት እጃችሁ ላይ ይለያያል። የመጨረሻዋ እጥፋት ከመጀመሪያዋ የበረታች አልነበረችም። ብረቱ ግን ደክሟል። ትራክተር በሄደ ቁጥር ፒኑ ይሳባል፣ ይለቀቃል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር አክስሉ በአንድ በኩል ይጎብጣል፣ በሌላው ይቀናል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሆነ አስቡት። አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች፤ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች። ትራክተሩ ምንም አይለውጥም፤ ያው ይጎትታል፣ ያው ያርሳል። የቀረው ብረት ጭነቱን መሸከም ያቃተው ቀን በአንድ ጊዜ ይለቃል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አገር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከመስመር ወጣ፣ እሳትም ተነሣ፤ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት መሐንዲሶች ብረት ወይ ይችላል ወይ አይችልም ብለው ነበር የሚያስቡት። ያ አክስል ግን ለብዙ ጊዜ ሲችል የኖረ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ስለ ብረት ድካም ብዙ ተጠና፤ አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የባቡር አክስሎችን ደጋግሞ በመጫንና በማዞር ለዓመታት ፈተነ። የባቡር ወርክሾፖች ደግሞ እየቆዩ ስንጥቅን ብረቱን ሳይሰብሩ የሚያዩበትን ብልሃት አገኙ። ከባዱን ክፍል በላምባ በቀጠነ ዘይት ይነክሩታል፣ ይጠርጉታል፣ ነጭ ጠመኔ ይቀቡታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፒን ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሥራ ነው፤ ዛሬም አንድ ጠርሙስ ላምባና ጥቂት ጠመኔ እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ ለምን እንደሚሳሳትም ታውቃላችሁ። ቀጭን ዘይት ወደ ጠባብ ቦታ ራሱ ይገባል፤ የፋኖስ ክር ላምባን ወደ ላይ እንደሚስበው ማለት ነው። ስንጥቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ላዩን ብትጠርጉትም የውስጡ አይወጣም። ደረቅ ዱቄት ሲቀባበት ዱቄቱ መልሶ ይስበዋል፤ በነጩ ላይም ጥቁር መስመር ይወጣል። በመዶሻ መምታቱ ዘይቱን ከውስጥ ለማስወጣት ያግዛል። እንግዲህ ዘይቱ መጀመሪያውኑ ካልገባ የሚወጣ ነገር አይኖርም፤ እናንተም «ደህና ነው» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ዘይቱ እንዳይገባ የሚያደርገው ደግሞ ጭቃ፣ ግሪስ፣ ቀለም፣ ዝገትና ውሃ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ማጠብ ነው። ማጠቡን የሰለቸ ሰው ባይፈትሽ ይሻለዋል እላለሁ፣ ምክንያቱም ያልተፈተሸ ብረት ቢያንስ ያሠጋል፤ በደንብ ሳይታጠብ የተፈተሸው ግን ያዘናጋል።

በዚህ ነገር ትልልቆቹም ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 በአሜሪካ ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ሲበር የነበረ ዲሲ 10 አውሮፕላን የጭራው ሞተር ዲስክ አየር ላይ ፈነዳ። ስብርባሪው መሪውን የሚያንቀሳቅሱትን የዘይት መስመሮች ሁሉ በጠሰ። አብራሪዎቹ በሁለቱ ሞተሮች ጉልበት ብቻ እየመሩ ሱ ሲቲ በምትባል ከተማ አሳረፉት፤ ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ፣ የቀሩት ሞቱ። መርማሪዎች ዲስኩን ከእርሻ ማሳዎች ለቅመው ሲያዩት፣ ስንጥቁ ቀደም ሲል በተደረገው ፍተሻ ጊዜም የነበረ ነው። የተፈተሸውም በዚሁ የእኛ ዘዴ በተሻሻለው ዓይነት፣ በሚያበራ ቀለም ነበር። ዘዴው ደህና ነበር፤ ያለውን ስንጥቅ ሳያዩ አሳለፉት እንጂ። ቦሌ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥገና ክፍል የአውሮፕላን ክፍሎችን በእንዲህ ዓይነት ዘዴዎች ሲፈትሽ በሥርዓት፣ በጽሑፍ፣ በሰለጠነ ሰው የሚያደርገው ለዚህ ነው። እኛ ያን ያህል ባንችልም ማጠብና በትዕግሥት ማየት እንችላለን።

አሁን ወደ ፒናችን እንመለስ። ጠጋ በሉ። ይኼ መሃል አካባቢ ያለው የተዘረጋ ጥላ ስንጥቅ አይደለም፤ በደንብ ያልጠረግሁት ዘይት ነው። ይችኛዋ ግን፣ ከጭንቅላቱ ሥር አንገቱ ላይ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ሆና ግማሽ ዙር የሄደችውን ታያላችሁ? መጀመሪያ ቀጭን ነበረች፣ አሁን እየወፈረች ነው። እሷ ናት ስንጥቋ። ቅድም ፒኑ በእጃችሁ ሲዞር ማንም አላያትም፤ አንድ አባታችን እንዲያውም «ይኼማ ገና ይሠራል» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ይሠራል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። የምታዩት ምልክት ቀጭን መስመር ከሆነ ስንጥቅ ነው ብላችሁ ያዙ። ክብ ነጠብጣብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የብየዳ ወይም የቀለጠ ብረት ቀዳዳ ነው። ሰፊ ጭጋግ ከሆነ አልተጠረገም ማለት ነው፤ እጠቡትና ከመጀመሪያው ጀምሩ። «ትንሽ ትመስላለች» እያሉ መከራከር አያስፈልግም፤ መድገም ይሻላል።

ቤታችሁ ስትሠሩት እንዲህ አድርጉ። ጭቃውን በውሃ፣ ግሪሱን በናፍጣና በብሩሽ አንሡ። ቀለሙንና ዝገቱን በእጅ የሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። በግራይንደር አትላጩት፤ ግራይንደር የብረቱን ገጽ ደፍጥጦ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ዘይት አይገባበትም። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ድብልቁ አንድ እጅ የሞተር ዘይት ለሦስት እጅ ላምባ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጠቆረ የተቃጠለ ዘይት ቢሆን እንዲያውም በነጩ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ነገር ግን ለቆዳ ጥሩ አይደለምና ጓንት ወይም ፌስታል በእጃችሁ አድርጉ። ትንሹን ክፍል በጣሳ ነክራችሁ አሳድሩት። የማይነቀለውን ትልቁን ደግሞ በብሩሽ እየደጋገማችሁ ቀቡት፤ ለሁለት ሦስት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ስትጠርጉ በደረቅ ጨርቅ ነው፤ መጨረሻ ላይ በጣም ጥቂት ላምባ የነካው ጨርቅ ይበቃል። ላምባ ካፈሰሳችሁበት ከስንጥቁ ውስጥ ያለውንም አጥባችሁ ታወጡታላችሁ። ጠመኔውን ስስ አድርጉት፤ ወፍራም ከሆነ ይሸፍነዋል። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ጥላ ሳይሆን ጥሩ ብርሃን ባለበት ቦታ እዩ። ዕድሜያችን የገፋ ሰዎች መነጽራችንን አንርሳ፤ ወይም ዓይኑ የሚያይ ልጅ እንጥራ፤ ልጆች ከእኛ በተሻለ ያያሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እሱም ቀልድ የለውም። ላምባም አልኮልም ይቀጣጠላል። ምድጃ ባለበት፣ ሲጋራ በሚጨስበት፣ ብየዳ በሚበየድበት አጠገብ አይሠራም። ቤንዚን ደግሞ ከነጭራሹ አይሞከርም፤ ጭሱ ሩቅ ሄዶ እሳት ይዞ ይመለሳል።

ከዘይቱ በፊት ደግሞ ምንም የማያስወጣ ሌላ ፈተና አለ፤ እሱን እናቶቻችን ከእኔ በፊት ያውቁታል። ገበያ ምጣድ ወይም እንስራ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? በጣታችሁ አንኳኩታችሁ ትሰማላችሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ ትገዛላችሁ፤ ከደነቆረ ትተዉታላችሁ። ስንጥቁን በዓይን አላያችሁትም፣ ጆሯችሁ ነገራችሁ። ብረትም እንደዚሁ ነው። ከቀለጠ ብረት የተሠራን ፑሌጃ ወይም የመሳያ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥላችሁ፣ ድንጋዩን በእንጨት እጀታ፣ ብረቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛው እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የተሰነጠቀው «ጠቅ» ብሎ ይሞታል። ቆሻሻና ግሪስ ካለበት፣ ወይም ሌላ ነገር ላይ ተጣብቆ ከሆነ ጤነኛውም ይደነቁራልና መንቀልና ማጽዳት ያስፈልጋል። የደነቆረ የመሳያ ድንጋይ ወደ ማሽኑ አይመለስም፤ ሲሽከረከር የሚፈነዳው ወደ ፊታችሁ ነው። የመውቂያ ፑሌጃም እንዲሁ።

ጆሮ የሚሰማው ግን ትልቅ ስንጥቅ ነው። የፀጉሯን ያህሏን አይሰማም። የዘይትና ጠመኔውም ቢሆን ገደብ አለው፦ ወደ ላይ የተከፈተን ስንጥቅ ብቻ ያሳያል። ብረቱ ውስጥ ተቀብሮ ያለውን አያውቀውም፤ በጣም የጠበበችውንም ሊስታት ይችላል። ለእነዚህ የተሻሉ ዘዴዎች አሉ። አንዱ በሦስት ቆርቆሮ የሚሸጥ ማጽጃ፣ ቀይ ቀለምና ነጭ ዱቄት ነው፤ አሠራሩ ከእኛው ጋር አንድ ሆኖ ቀይ ቀለሙ ከዘይት ይልቅ በጠባቡ ይገባል፣ በአሥራዎቹ ደቂቃዎችም ውጤቱ ይታያል። ለአንድ ሰው ውድ ሊሆን ይችላል። ግን እንደ ሉሜ አዳማና እንደ መቂ ባቱ ባሉት ዩኒየኖቻችሁ፣ ወይም በመሠረታዊ ማኅበር ደረጃ አንድ ላይ ቢገዛ የብዙ ሰው ተጎታች ይፈተሽበታል። ሁለተኛው በማግኔት ነው፦ ብረቱን ማግኔት አድርገው ደቃቅ የብረት ብናኝ ይነሰንሱበታል፣ ብናኙ ስንጥቁ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል። ይኼኛው ከገጹ ትንሽ ዝቅ ያለውንም ያሳያል፣ ነገር ግን ማግኔት በማይስበው በአሉሚኒየም ላይ አይሠራም፤ በሁለት አቅጣጫም መደረግ አለበት። በድምፅ ሞገድና በኤክስሬይ የውስጡን የሚያዩም አሉ፣ የባቡር ሐዲድ በዓለም ሁሉ የሚፈተሸው በድምፅ ሞገዱ ነው። እነዚህ የባለሙያ ሥራ ናቸው፤ እንዳሉ ማወቁ ይበቃናል።

እንግዲህ አንድ ትራክተር ላይ መቶ ቡሎን አለ፤ ሁሉንም ዘይት ውስጥ ስናሳድር አጨዳው ያልፋል። ስለዚህ መምረጥ አለብን። እኔ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይኼ ቢሰበር ማን ይጎዳል? የማረሻ ምላስ ቢሰበር ሥራ ይቆማል፣ ይናደዳሉ፣ ይለወጣል። የተጎታች ፒን ቢሰበር ግን ሌላ ነው። ከአሰላ በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወርደውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 50 ኩንታል ስንዴ ማለት 5,000 ኪሎ ነው። ያን ያህል ጭኖ፣ ከላዩም ሰው ተቀምጦበት፣ ቁልቁለት ላይ የተለቀቀ ተጎታች የሚቆመው የፈለገበት ነው፤ ከኋላው ባጃጅ ሊኖር ይችላል፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። እህል ጭኖ ከላዩ ሰው መጫኑ ራሱ ሌላ ንግግር ይፈልጋል፤ ዛሬ አልገባበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ተጎታቹን የሚይዘውን ሁሉ፦ ፒኑን፣ ቀለበቱን፣ ቀለበቱ ከተጎታቹ አካል ጋር የተበየደበትን ቦታ። ቀጥሎ የፊት ጎማ የሚሸከመውን አክስልና መሪውን የሚያዞሩትን ክንዶች። ከዚያ የፍሬን ዘንጎችን። ከዚያ በፍጥነት የሚሽከረከረውን፦ የመውቂያውን ከበሮና ጥርሶቹ የተበየዱበትን፣ ፑሌጃዎቹን፣ ከትራክተሩ ወገብ ኃይል የሚያወጣውን ዘንግ። ከአሰላና ከመልካሳ የምርምር ማዕከላት ንድፍ የተሠሩ መውቂያዎችን በየሰፈሩ ያሉ ወርክሾፖችም ይሠሯቸዋል፤ ንድፉ ጥሩ ሆኖ ብየዳው ሊሳሳት ስለሚችል አዲስ ሲገዛም የጥርሶቹን ሥር ማየት ነውር የለውም። የኮምባይነር ባለቤት ካልሆናችሁ ኮምባይነሩን እናንተ አትፈትሹም፤ ግን ስትከራዩ ማጭጃው የተሰቀለበትን ቦታ ብየዳ መጠየቅና ማየት መብታችሁ ነው። ስንዴ ደርቆ፣ ደመና እየዞረ፣ ማሽኑ ማሳችሁ መሃል ሲቆም የሚጎዳው ባለማሽኑ ብቻ አይደለም።

በአንዱ ክፍል ላይም ቢሆን የት እንደምታዩ እወቁ። ስንጥቅ በለሰለሰ ቦታ መሃል ላይ አይወለድም። የሚወለደው ብረቱ ቅርጹን በሚለውጥበት ነው፦ በቀዳዳ ዳር፣ በስለታም ማዕዘን፣ በቡሎን ጥርስ ሥር፣ ወፍራሙ ከቀጭኑ በሚገናኝበት አንገት፣ በብየዳው ጠርዝ፣ ዝገት በልቶ ባጎደጎደው ነጥብ። ቀለም ላይ ደግሞ ቀጭን ቀይ የዝገት መስመር ወርዶ ካያችሁ ከሥሩ ስንጥቅ እየተነፈሰ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ አሮጌ ተጎታች ወይም ማረሻ ልትገዙ ስትሄዱ ትናንት የተቀባ ቀለም ካጋጠማችሁ ደስ አይበላችሁ። ሻጩ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ ግን ስንጥቅን ይሸፍናል። «መንጠቆው አጠገብ ትንሽ ልፋቅና ልይ» በሉ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አንድ ነገር ተሰብሮ ከሆነ ደግሞ ቁራጩን ወደ ቁራሌው ከመላካችሁ በፊት የተሰበረበትን ፊት እዩት። ብዙ ጊዜ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ክፍል ለስላሳ፣ የጠቆረ ወይም የዛገ ነው፤ ሌላው እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ አዲስ ነው። የጠቆረው ስንጥቁ ለወራት ሲጓዝበት የኖረው መንገድ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ያን ዕለት የተሰበረው ነው። ጥቁሩ ብዙ ከሆነ ጊዜ ነበራችሁ፣ ሊታይ ይችል ነበር ማለት ነው። ሙሉው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ ጭነታችሁን መርምሩ። የተሰበረ ፒን ፊት ሳይታይ ሾፌር ሲወቀስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቁራጩን ያዩት ቀን ግን ሾፌሩ ነፃ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስንጥቁን ካገኛችሁ በኋላስ? እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም ይሆናል። ልማዳችን «በያጅ ጋ ወስደን እናስለጥፈው» ነው። ለማረሻ ክፈፍ፣ ለተጎታች ሳጥን ወይም ለመከለያ ብረት ብየዳ ጥሩ ነው። ግን ስንጥቁ ላይ ከላይ ተለጥፎ የሚያልፍ ብየዳ ስንጥቁን ከሥር ቀብሮ ይተወዋል፤ ያም ከብየዳው ሥር ጉዞውን ይቀጥላል፣ አሁን ደግሞ አይታይም። ትክክለኛው ሥራ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ስንጥቁን እስከ ታች በቦይ ቅርጽ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ከሥር እስከ ላይ ሞልቶ መበየድ፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው፣ ሲበርድም በዚሁ በዘይትና በጠመኔ እንደገና ማየት። ከተፈለፈለ በኋላ ሳይበየድ አንዴ በጠመኔ ብታዩት ደግሞ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ታረጋግጣላችሁ። በያጃችሁ ይኼን ሲባል ቢስቅ ሥራውን ለሌላ ስጡ።

ፒን፣ የመሪ ክንድ፣ የፊት አክስል፣ ባሌስትራና የፍሬን ዘንግ ግን አይበየዱም። እነዚህ ጥንካሬያቸው በሙቀት የተሰጣቸው ብረቶች ናቸው፤ የብየዳ እሳት ከነካቸው አጠገቡ ያለው ቦታ ወይ ይለሰልሳል ወይ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። በአዲስ ይለወጣሉ፣ አለቀ። ፒን ሲለወጥ ደግሞ ከኮንስትራክሽን ፌሮ ቆርጦ ማስገባት አይሆንም። ባለፈው ሥልጠና አንድ አባት «ፌሮው ከፒኑ ይወፍራል እኮ» ብለውኛል። ውፍረት ብቻውን አይበቃም፤ ለዚያ ሥራ የተሠራ ብረት አይደለም፣ በላዩ ላይ ያሉት ቀለበቶችም እያንዳንዳቸው ስንጥቅ የሚወለድባቸው ማዕዘኖች ናቸው። የቶርኖ ቤት የሚያሠራ ሰውም አንገቱ ላይ ስለታም ማዕዘን እንዳይተው፣ ክብ አድርጎ እንዲያወጣው ይንገረው። ቅድም ያያችሁት ፒን የተሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።

የመስኖ ገበሬዎች ዝም ብላችሁ እየሰማችሁኝ ነው። ከአዋሽና ከዝዋይ ሐይቅ ውሃ ለምትስቡት የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የፓምፕ አካል፣ የውሃ ታንክና የቧንቧ ብየዳ የሚያፈስ ከሆነ የት እንደሚያፈስ ለማወቅ፣ ባዶና ደረቅ ሆኖ፣ ከውጭ ጠመኔ ቀቡት፣ ከውስጥ ደግሞ በላምባ የራሰ ጨርቅ አስነኩት። ላምባ ውሃ በማያልፍበት ቀዳዳ ሳይቀር ያልፋል፤ በነጩ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቁት። ሽንኩርት ውሃ በሚፈልግበት ሳምንት ፓምፑ ከሚቆም ዛሬ ላይ ቢታይ ይሻላል። የነዳጅ ታንክ ግን በዚህ ዘዴ ከታየ በኋላ ታጥቦ፣ ጭሱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ሳይጸዳ ወደ ብየዳ ፈጽሞ አይሄድም። ባዶ የሚመስል ታንክ ከሞላው የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ጭሱ ነውና።

በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ በየቀበሌው የትራክተር ባለቤት እየበዛ ነው፤ ደስ ይላል። ድሮ እዚህ አዳማ፣ በደርግ ዘመን በተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ከተገጣጠሙት የሶቪየት ቤላሩስ ትራክተሮች መካከል ዛሬም ማሳ ላይ የሚታዩ አሉ። ያን ያህል የቆየ ማሽን ሊሠራ የሚችለው አንድ ሰው በየዓመቱ ስለሚያየው ነው። የእናንተም አዲሱ ትራክተር አንድ ቀን አሮጌ ይሆናል። ትንሽ ደብተር ያዙለት፦ የትኛው ክፍል መቼ ታየ፣ ማን አየው፣ ምን ተገኘ፣ ምን ተለወጠ። ሾፌር ሲቀየር ደብተሩ ይቀራል። ማየቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዱ ከአጨዳ በፊት በጥቅምት፣ ሌላው እርሻ ከመጀመሩ በፊት። የበጋ ስንዴ የምታመርቱ ደግሞ በመጋቢት ስንዴው ከመድረሱ በፊት አንድ ጨምሩ።

ከምሳ በኋላ ወደ ሠርቶ ማሳያው ግቢ እንወርዳለን። ሦስት ተጎታቾች አሉ፤ በአምስት በአምስት ሆናችሁ መንጠቆና ቀለበታቸውን ታጥባላችሁ፣ ዘይት ትቀባላችሁ፣ ነገ ጠዋት በጠመኔ እናያቸዋለን። ትራክተር ይዛችሁ የመጣችሁ ፒናችሁን አውጥታችሁ፣ ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በሽቦ አስራችሁበት ለእኔ ስጡኝ፤ ዛሬ ማታ ከሌሎቹ ጋር ተነክሮ ያድራል። ትራክተሩ ያለ ፒን ስለሚያድር ተጎታቹን ዛሬውኑ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋችሁ አቁሙት።